ሙጫ ወይስ ብሎን? ስለሚፈታ ዕቃ የተነሳ ክርክር

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄው አጭር ነበር። አንድ ዕቃ አካባቢን እንዳይጎዳ ተብሎ ሲነደፍ ቀድሞ መታሰብ ያለበት ከምን ይሠራ ነው ወይስ እንዴት ይገጣጠም? አቋሜን አልደበቅኩም። ስለ ቁሱ ብዙ ይወራል፤ ስለ መገጣጠሚያው የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። የማይፈታ ዕቃ ከምንም ይሠራ ከምን፣ ዕድሜው የሚለካው ቀድሞ በሚደክመው ክፍሉ ነው።

ምሳሌ ያደረግኩት ሞባይልን ነው። የሊቲየም ባትሪ እየተሞላ እያለቀ በሄደ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ስክሪኑ፣ ካሜራውና ቺፑ ደህና ናቸው። ባትሪው ግን በሙጫ ተጣብቋል፤ ከላዩ ያለው ጀርባም እንዲሁ። ጠጋኙ መጀመሪያ ጀርባውን በሙቀት ያለሰልሳል። ከዚያ ቀጭን ፕላስቲክ በጠርዙ አስገብቶ ዙሪያውን ቀስ እያለ ያስለቅቃል። ቀጥሎ ባትሪውን ይፈለቅቃል። እዚህ ላይ እጁ ከሳተ ባትሪው ይታጠፋል፤ የታጠፈ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚፈራ ሰው ጤነኛውን ስልክ መሳቢያ ውስጥ ጥሎ አዲስ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ ሪሳይክል መደረጉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

ምላሾቹ ብዙ ሆኑ፤ አንዳንዶቹም ከራሱ ከጥያቄው የበለጡ ናቸው። ስለዚህ በተራ ቁጥራቸው እየጠራሁ ላውጋችሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ኤሌክትሮኒክስ መጠገን እንጀራዋ የሆነ ሴት ናት። አመስግና ጀመረች፤ በሐሳቡም ተስማማች። ግን ብሎን ብቻውን አይበቃም ባይ ናት። አንድ ላፕቶፕ ስትከፍት ርዝመታቸውም ጭንቅላታቸውም የተለያየ ብሎኖች ያጋጥሟታል። በአጭሩ ቦታ ረጅሙን ያሰረ ሰው ከሥሩ ያለውን ቦርድ ሊበሳው ይችላል። ካቻቪቴው ቢኖርም መለዋወጫው ይጠፋል። መለዋወጫው ቢገኝ ደግሞ ዋጋው የአዲሱን ዕቃ ግማሽ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚያስጠግን የለም። ለዚህም ነው ፈረንሳይ በጃንዋሪ 2021 የጀመረችውን የጥገና ነጥብ ያደነቀችው። ሲጀመር ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከ10 ነጥብ ይሰጣቸው ነበር፤ ገዢው ነጥቡን ከመክፈሉ በፊት ያየው ነበር። የሚቆጠረው ደግሞ የመፍታቱ ቀላልነት ብቻ አልነበረም። የጥገና መመሪያ መኖሩ፣ መለዋወጫ መገኘቱና ዋጋው ጭምር ይታይ ነበር።

ምላሽ 2

ሁለተኛው መሐንዲስ ነው። በትሕትና፣ ግን ሳያለባብስ፣ ሙጫን ጠላት ማድረግ እንደማይገባ አስረዳ። ብሎን ቀዳዳ ይፈልጋል። ጭነቱ በቀዳዳው ዙሪያ ይከማቻል፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ሙጫ ግን ጭነቱን በገጹ ሁሉ ያከፋፍላል። ስለዚህ ቆርቆሮው ይሳሳል፣ መኪናው ይቀላል፣ የሚፈጀው ነዳጅም ይቀንሳል። ውኃና አቧራም አያስገባም። በእሱ ዓይን ጥፋቱ ያለው ፈጽሞ የማይለቅ ሙጫ መምረጡ ላይ ነው። ምሳሌም አመጣ። አፕል በ2024 ባወጣው አይፎን 16 ባትሪውን የያዘው ሙጫ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይለቃል። ተራ የ9 ቮልት ባትሪ ለዚህ ይበቃል፤ ጊዜውም ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው።

ይህን ምላሽ በጣም ወደድኩት። ጥያቄውን ወደ ትክክለኛ ቦታው ወሰደው፦ ዕቃው ሲገጠም፣ የሚለቅበትም መንገድ አብሮ ታስቦለታል ወይ?

ምላሽ 3

አንድ መስመር ብቻ። የስልክ ወሬ ይብቃና ወደ ፕላስቲክ እንምጣ የሚል ነው።

ምላሽ 4

ለዚያች አንድ መስመር የመጣው መልስ ከክሩ ሁሉ ረጅሙ ነው። የጻፈችው ፕላስቲክ መልሶ በሚያቀልጥ ፋብሪካ ውስጥ የሠራች ሴት ናት። የውኃ ጠርሙስ በእጇ ይዛ የምታሳይ ያህል ነበር። ገላው ፔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ክዳኑ ሌላ ዓይነት ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኢቲሊን። ጠርሙሱ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ፔቱ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ማንም በእጁ ሳይለቅም ውኃው ራሱ ይለያቸዋል። ይህ የሚሠራው ግን አንዱ ከውኃ ስለሚከብድ፣ ሌላው ስለሚቀል ነው።

ታዲያ አንድ ዲዛይነር እንዲያምር ብሎ ጠርሙሱን ፒቪሲ ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ በተሠራ ልባስ ቢጠቀልለውስ? ፒቪሲም ይሰምጣል። ሁለቱ ተቃቅፈው ማቅለጫው ውስጥ ይገባሉ። ፔት በሚቀልጥበት ሙቀት ፒቪሲው መፍረስ ይጀምራል፤ አሲድ ይለቃል። ፔቱ ቢጫ ይሆናል፣ ጥንካሬውም ይሄዳል። ትንሽ ልባስ ብዙ ፔት ያበላሻል። በጥቁር ቀለምም ላይ እንዲሁ ነው። መለያ ማሽኑ ፕላስቲኩን የሚያውቀው ተንጸባርቆ በሚመለስ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። በካርቦን የጠቆረ ፕላስቲክ ግን ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። ለማሽኑ ያ ዕቃ የለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ከቆሻሻው ጋር ይሄዳል።

ልቧን ያሳረረው ነገር ግልጽ ነበር። ሕዝቡ ፕላስቲክ አይለይም እየተባለ ይወቀሳል። ልባሱንና ቀለሙን የመረጠው ሰው ግን ፋብሪካውን አይቶት አያውቅም። በ2017 የታተመ ጥናት እስከ 2015 ድረስ ከወጣው የፕላስቲክ ቆሻሻ ሁሉ ሪሳይክል የተደረገው 9 በመቶ ገደማ እንደሆነ አስልቷል። 12 በመቶው ተቃጥሏል። 79 በመቶው መጣያ ወይም ሜዳ ላይ ቀርቷል።

ምላሽ 5

ተስፋ የሞላበት ምላሽ ነበር። መላሹ ከበቆሎ ስታርችና ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራውን ፒኤልኤ የተባለ ፕላስቲክ አመጣ። ይበሰብሳል፣ ከነዳጅ አይወጣም፣ ስለዚህ ይህ ሁሉ ጣጣ ያበቃል ብሎ ደመደመ።

ምላሽ 6

ክሩ መካረር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ስድስተኛው ያለ ሰላምታ ገባ። ፒኤልኤ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት፣ እርጥበትና ረቂቅ ተሕዋስያን ባሉበት የኢንዱስትሪ ማብሰያ፣ ማለትም ትራፊ ወደ ኮምፖስት በሚለወጥበት ተቋም፣ ውስጥ እንደሆነ አስታወሰ። ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ይባስ ብሎ መልኩ ከፔት አይለይም፤ ውኃ ውስጥም ይሰምጣል። ስለዚህ አራተኛዋ የገለጸችውን ሥራ ያበላሻል። ይበሰብሳል የሚለውን ምልክት ያለ ማብራሪያ ዕቃ ላይ መለጠፍ ዓይን ያወጣ ማታለል ነው እስከማለት ደረሰ።

ምላሽ 7

አምስተኛው ተመልሶ መጣ። ቅር ብሎታል። ግን ስድብ አልመለሰም፤ ይልቅስ የሚሟገትበትን ቦታ አጠበበ። የምግብ ትራፊ የሚሰበሰብበትን ከረጢት ጠቀሰ። ከረጢቱ ከትራፊው ጋር አብሮ ወደ ማብሰያው ይገባል፤ ማንም አያወጣውም። ሁለተኛው ምሳሌ የእርሻ አፈር የሚሸፈንበት ስስ ፕላስቲክ ነው። ቅዳጁ አፈር ውስጥ መቅረቱ ስለማይቀር አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ቢሆን ይሻላል።

በእኔ አስተያየት ሰባተኛው ምላሽ በሐሳብ አሸነፈ። የሚበሰብስ ፕላስቲክ ቦታ አለው። ቦታው ግን ዕቃው ተመልሶ ሊሰበሰብ የማይችልበት ወይም ከትራፊ ጋር የሚሄድበት ነው። ያም ሆኖ ማብሰያው መኖር አለበት፤ ማብሰያ በሌለበት ምልክቱ ባዶ ቃል ነው።

ምላሽ 8

ስምንተኛው በንዴት ነው የጻፈው። ይህ ሁሉ የዲዛይን ስህተት ሳይሆን ሴራ ነው ባይ ነው። ማስረጃው የፌቡስ ካርቴል ነው። በ1924 መጨረሻ ትልልቆቹ አምፖል ሠሪዎች ጄኔቫ ላይ ተስማምተው የአምፖልን ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ ወሰኑት። አምፖሉ ከዚያ አልፎ የበራለት አባል ይቀጣ ነበር። በካሊፎርኒያ ሊቨርሞር፣ እሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ፣ ከ1901 ጀምሮ የሚበራውን አምፖልም ጨመረበት።

ምላሽ 9

ዘጠነኛዋ ታሪኩን አልካደችም። ግማሹ ቀርቷል ነው ያለችው። በባለ ሽቦ አምፖል ውስጥ ዕድሜና ብርሃን ይጣላሉ። ሽቦው ቀዝቀዝ ብሎ ከበራ ረጅም ይቆያል፤ ግን ለሚበላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ብርሃን ትንሽ ነው። በ1951 ጉዳዩን የመረመረው የብሪታንያ የሞኖፖሊ ኮሚሽን 1,000 ሰዓት በሁለቱ መካከል ምክንያታዊ ማስታረቂያ መሆኑን ተቀብሏል። የሊቨርሞሩ አምፖልም ዛሬ የሚበራው በ4 ዋት ገደማ ነው፤ የሚያነቡበት ብርሃን አይደለም። ቅጣቱ ግን እውነት ነው፤ ያንን አላስተባበለችም።

ምላሽ 10

ስምንተኛው ተመልሶ ዘጠነኛዋን የኩባንያዎች ጠበቃ አላት። ሌላም ቃል ነበረው፤ አልደግመውም።

ምላሽ 11

እዚህ ላይ ራሴ ገባሁ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ስድቡ ግን ምንም አይጨምርም። የአምፖሉ ታሪክ የሚያስተምረን ሌላም ነገር አለ። መቶ ዓመት የሚበራ ባለ ሽቦ አምፖል በሽበሽ ቢሆን እንኳ አውልቀን ኤል ኢ ዲ ብናስገባ ይሻላል። ለተመሳሳይ ብርሃን ኤል ኢ ዲው የሚፈልገው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው። ረጅም ዕድሜ በራሱ ግብ አይሆንም። ዕቃው በአካባቢ ላይ የሚጥለው ሸክም የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። የሞባይል አብዛኛው የካርቦን ሸክም ገና ከሣጥኑ ሳይወጣ፣ በምርት ላይ ያለቀ ነው፤ ስለዚህ በተቻለ መጠን ማቆየት። የፍሪጅ ሸክም ግን በአብዛኛው ሌት ተቀን በሚበላው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ለእሱ የምመኘው ሣጥኑ ቆይቶ ሞተሩ በተሻለ የሚቀየርበት ንድፍ ነው። ይህም ዞሮ ዞሮ መፈታትን ይጠይቃል።

ምላሽ 12

አንድ አንጋፋ ኢኮኖሚስት የዊልያም ስታንሊ ጄቮንስን ነገር አነሱ። ጄቮንስ በ1865 እንደጻፈው የእንፋሎት ሞተሩ ቁጠባ ሲጨምር የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ፍጆታ አልቀነሰም፤ ጨመረ። ርካሽ ሲሆን በዛ። በእሳቸው እምነት የተሻለ ዕቃ ብቻውን አያድነንም፤ ስንት እንደምናመርትም መጠየቅ አለበት። ሌሎች አላነሱትም፤ ቢያነሱት ደስ ይለኝ ነበር።

ምላሽ 13 እና 14

ክሩ ወደ ከረጢት ዞረ። አሥራ ሦስተኛው የዴንማርክን የ2018 ጥናት ይዞ መጣ። የጥጥ ከረጢት ከስስ ፕላስቲክ ከረጢት እንዲሻል 7,100 ጊዜ መያዝ አለበት የሚለውን። ስለዚህ ጥጥ ይቅር ብሎ ጨረሰ።

አሥራ አራተኛዋ ጥናቱን ገልጣ አረመችው። 7,100 የሚለው ቁጥር የመጣው ከሁሉም መለኪያዎች ውስጥ የከፋው ተወስዶ ነው፤ እሱም የኦዞን ጉዳት ነው። በአየር ንብረት ለውጥ ብቻ ከተለካ 52 ጊዜ ይበቃል። ጥናቱ ሜዳና ባሕር ላይ የሚጣለው ከረጢት የሚያደርሰውን ጉዳት ደግሞ አልቆጠረም። በተረፈ የሰጠችው ምክር ቀላል ነው፦ ያለህን ከረጢት፣ ከምንም ይሁን፣ እስኪበጣጠስ ያዘው።

ምላሽ 15

ስለ ብረት የጻፈው ይህ ሰው ብዙ መወደስ ነበረበት። ብረት ስንት ጊዜም ቢቀልጥ ብረት ነው ብለን እናስባለን። መኪና ሲደቅ ግን በውስጡ ያሉት የመዳብ ሽቦዎችና ትንንሽ ሞተሮች ከብረቱ ጋር ይቀላቀላሉ። መዳብ አንዴ ከቀለጠ ብረት ጋር ከተዋሐደ በተለመደው ማጣሪያ አይወጣም። በግለት ብረቱ ሲዳመጥ ገጹ ላይ ይከማቻል፣ ስንጥቅም ያመጣል። ስለዚህ ከመኪና የተገኘው ብረት በቀላሉ ተመልሶ የመኪና ቆርቆሮ አይሆንም። የግንባታ ፌሮ ይሆናል፤ ፌሮ መዳብን ከቆርቆሮ ይልቅ ይችላል። ቆርቆሮ ካስፈለገ ከማዕድን በወጣ አዲስ ብረት ይበረዛል።

መፍትሔው ያለው ከመደቁ በፊት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው በአንድ ስበት ተመዞ እንዲወጣ ሆኖ ቢዘረጋ መዳቡም ይተርፋል፣ ብረቱም ይጠራል። ለጥያቄዬ ከዚህ የተሻለ መልስ ያገኘሁ አይመስለኝም። ብረትም መዳብም ጥሩ ቁሶች ናቸው፤ የሚያበላሻቸው አለመለያየታቸው ነው።

ምላሽ 16

ቀጣዩ ነገሩን ከንድፍ ወደ ባለቤትነት ወሰደው። የስዊዘርላንዱ አርክቴክት ዋልተር ስታሄል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሟገትበት የኖረ ሐሳብ ነው፤ አምራቹ ዕቃውን ከመሸጥ ይልቅ አገልግሎቱን ይሽጥ የሚል። ዕቃው የእሱ ሆኖ ከቆየ እንዲበረታና እንዲጠገን አድርጎ ይሠራዋል። ለምሳሌ የቀረበው የአውሮፕላን ሞተር ነው። በ1962 የብሪታንያው ሞተር ሠሪ ብሪስቶል ሲድሊ የቫይፐር ሞተርን ጥገና በበረራ ሰዓት ማስከፈል ጀመረ። ሞተሩ ካልሠራ ገንዘብ የለም። ኩባንያውን በኋላ የገዛው ሮልስ ሮይስም በዚህ አሠራር ታወቀ።

ምላሽ 17

ይህኛው ስለታም ነው። አየር መንገድ ተደራድሮ ይፈርማል፤ ተራ ሰው ግን የተሰጠውን ውል ይቀበላል ብላ ጀመረች። ሁሉም ነገር ኪራይ ሲሆን ደሃው የራሴ የሚለው ዕቃ አይኖረውም። ክፍያው ሲቋረጥ ማሽኑ ከርቀት ይዘጋል። አሁንም ቢሆን አንዳንድ ዕቃ መለዋወጫው ከአምራቹ ሶፍትዌር ጋር ካልተዋወቀ አይሠራም። ስለዚህ ባለቤትነትን ለአምራች ከማስረከብ በፊት ጥገና መብት ይሁን ባይ ናት። አሥራ ስድስተኛውን ስለ ሕይወት ምንም አያውቅም ማለቷ ከልክ ያለፈ ነበር። ፍርሃቷ ግን ተገቢ ነው፤ እኔም እጋራታለሁ።

ምላሽ 18

አንድ የሕግ ባለሙያ ተረጋግቶ ገባ። ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ ስልክ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ ማግኘት አለበት። ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶም 80 በመቶ አቅሙን መያዝ ይኖርበታል። ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ በአብዛኛው ዕቃ ላይ ያለ ተንቀሳቃሽ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ የሚያወጣው መሆን አለበት። የሕጉንም ቀዳዳ አልደበቀም። ከ1,000 ሙሊት በኋላ 80 በመቶ የሚይዝ ባትሪ ያለው፣ ውኃና አቧራ የማያስገባ ስልክ ባትሪው በባለሙያ ብቻ የሚቀየር ሊሆን ይችላል። ያም ማለት ሙጫው አልተከለከለም።

ምላሽ 19

ስለ ቻርጀር ነው። ዩኤስቢ ሲ በአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 2024 ወዲህ ግዴታ መሆኑን አንስቶ የኬብል ጥራት ላይ ረጅም እሮሮ አሰማ። ከርዕሱ ወጣ፤ ቢሆንም ሦስት ሰው ተከትሎት ሄደ። እነሱን አልፌያለሁ።

ምላሽ 20

የዲዛይን ተማሪ ናት። ይህን ሁሉ ካነበበች በኋላ የቱን ይዛ እንደምትጀምር ግራ ገብቷት ጠየቀች። ትሕትናዋ የተጋጋለውን ክር አበረደው።

ምላሽ 21

ዲዛይን የሚያስተምር ሰው መለሰላት። ተማሪዎቹ የሠሩትን ሞዴል ሲያስረክቡ ለሌላ ተማሪ ይሰጠዋል። ያኛው ዕቃውን አይቶት አያውቅም። አንድ ካቻቪቴ ብቻ ይዞ፣ ሳይሰብር፣ ቁሶቹን በየዓይነታቸው ለይቶ ጠረጴዛ ላይ መደርደር አለበት። የማይለያይ ክፍል ካለ ነጥቡ የሚቀነሰው ከሠሪው ነው። መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ ያኮርፋሉ። ቀጥሎ ግን ብሎኑን አንድ ዓይነት ያደርጉታል፣ የሚለቀቅበትን አቅጣጫ በቀስት ያሳያሉ፣ የፕላስቲኩንም ዓይነት በውስጥ በኩል ይቀርጹበታል። ተማሪዋ ይህን የራሷ ሥራ ላይ እንደምትሞክረው ጻፈች። ስምንተኛውም፣ ያ የተቆጣው፣ አስተማሪውን አመስግኖ የፈተናውን መመሪያ እንዲለጥፍልን ጠየቀ።

ምላሽ 22

የመጨረሻው ስለ ሕንፃ ነው። ኮንክሪት እንደ ስልክ አይፈታም፤ የሲሚንቶ ምርት ደግሞ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 7 ወይም 8 በመቶ ገደማውን ይይዛል። ምክንያቱ ነዳጁ ብቻ አይደለም፤ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲጋል ጋዙን ይለቃል። ታዲያ ምሶሶና ወለሉ በብሎን ተገጥሞ፣ ሕንፃው ሲፈርስ ለሌላ ሕንፃ ቢውልስ ሲል ጠየቀ። ይህ በሁለት መስመር የሚመለስ አይደለም። ለብቻው ክር እንዲከፍትለት ነግሬዋለሁ፤ መሐንዲሱም፣ ሁለተኛው መላሽ፣ እዚያ እንደሚጠብቀው ጽፏል።